«ክልክል ነው» ወይስ «ነውር ነው»? የቅሬው ግድግዳ ክርክር

የቅሬው ጸሐፊ፦
ሰላም የሰፈር ሰዎች። ደሴ ሰኞ ገበያ አጠገብ ያለውን የቅሬያችንን፣ የእድራችንን ማለቴ ነው፣ ግድግዳ ታውቁታላችሁ፤ ድንኳኑና ድስቱ የሚቀመጥበትን። «እዚህ መሽናት በጥብቅ ክልክል ነው» ይል ነበር። የክረምቱ ዝናብ መሀሉን አጥቦት አሁን የሚነበበው «እዚህ መሽናት ነው» ብቻ ነው። ሰዉም እንደታዘዘ እየፈጸመ ነው። ቅዳሜ እንደገና ልናስቀባው ነው። ያንኑ እንጻፍ ወይስ ቃሉን እንቀይር? «ነውር ነው» ይበል ያሉ አሉ። «ሐራም ነው» ያሉም፣ «በማርያም» ይባል ያሉም አሉ።

ባለሱቋ፦
«ክልክል ነው» ሞቷል፣ ቅበሩት። ባለፈው አንድ ቢሮ ሄጄ «ስልክ ማነጋገር ክልክል ነው» ከሚለው ወረቀት ሥር ጥበቃው ራሱ ስልክ ያወራል። በጆሮው ይዞ፣ በእጁ ደግሞ እኔን ዝም በይ ይለኛል!

ሕግ ተማሪ፦
ቃሉ አልሞተም፣ ቅጣት አጣ እንጂ። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 18 በሰው መነገድን «የተከለከለ ነው» ይላል። ወደ 1996ቱ የወንጀል ሕግ ስትመጡ ግን «ማንም ሰው እንዲህ ያደረገ እንደሆነ ይቀጣል» ነው አካሄዱ። የ1949ኙማ ስሙ ራሱ «የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ» ነበር። ስለዚህ «የሸና ይቀጣል» ብላችሁ ጻፉ።

ባለሱቋ፦
ማን ሊቀጣው? አንተ?

ጡረተኛው መምህር፦
ልጆቼ፣ ቃሉን ከመጣላችሁ በፊት እዩት። «ክልክል ነው» ባለቤት የለውም። ማን ከለከለ? አይናገርም። «አይቻልም» ደግሞ ይብሳል። በር ላይ «መኪና ማቆም አይቻልም» ብለው ይጽፋሉ፤ አንዱ ተማሪዬ «ይቻላል እኮ ጋሼ፣ አቁሜ አየሁት» አለኝ። ልክ ነው። ቃሉ አቅም ማጣትንም ፈቃድ ማጣትንም ስለሚይዝ ሰው የሚመቸውን ይመርጣል።
«እምቢ» የራስ ነው። እምቢ የምለው እኔ ስጠየቅ ነው፤ የምከለክለው ሌላውን ነው። «እግድ»ን ደግሞ ውሰዱ። ከብት ማገድ ታውቃላችሁ አይደል? ፍርድ ቤቱም ያግዳል፣ የሐረጎ ተራራ እረኛም ያግዳል። እረኛው ግን ዱላውን ይዞ እዚያው ይቆማል። የኛ ግድግዳ እረኛ የለውም።
ስለ ሐራም ለተነሣው፣ እርምና ሐራም ዘመዳሞች ናቸው። የግዕዙ «ሕርም» እና የዐረብኛው «ሐራም» ሥርወ ቃላቸው አንድ ነው። ወሎ ላይ በአንድ ማዕድ መቀመጣቸው አይገርምም።

የሸዋ በር ሰፈሩ ሰው፦
ጋሼ፣ ዝምድናው ይሁን። ግን ሐራም ትልቅ ቃል ነው። ዓሊሞቹ እንኳ ሳያጣሩ አይሉትም፣ እኛ በቀለም ባልዲ እንበትነዋለን? ደግሞ ሰው የሚሸናበት ግድግዳ ላይ የሃይማኖት ቃል ይጻፋል እንዴ? «በማርያም» ይባል ያላችሁትም ያው ናችሁ። ቢረጭበትስ? ኃጢአቱን ለማን ልትሰጡ ነው? ወላሂ እኔ አልስማማም።

እህተ ቅሬ፦
እኔ «ነውር» ላይ ነው ጥያቄዬ። «ነውር» የሚለው ቃል የሚሠራው እናትህን በሚያውቅ ሰው ፊት ነው። የሰፈሩ ልጅ ይሸማቀቃል፤ መንገደኛ ማን አየኝ ብሎ? ደግሞ ነውሩ ለሴት ብቻ ነው እንዴ? እኛም ፊኛ አለን። ከገበያ እስከ ቤት ጥርሳችንን ነክሰን እንሄዳለን። ማንም ለኛ «ክልክል ነው» ብሎ ጽፎ አያውቅም፤ መጻፍ ሳያስፈልግ ተከልክለን አደግን።

ረዳቱ፦
አትቆጡኝና እውነቱን ልናገር። ከኮምቦልቻ የምመጣ የሚኒባስ ረዳት ነኝ። ያን ጽሑፍ አንብቤዋለሁ፤ እየሸናሁ ነው ያነበብኩት። ከጠዋቱ 12 ሰዓት ጀምሮ ሐረጎን ስወጣ ስወርድ እውላለሁ። ካፌ ስገባ «መጸዳጃ ለተጠቃሚ ብቻ» ይሉኛል። በየሄድኩበት ሻይ ልጠጣ? ከጠጣሁም መልሶ ያው ነው! የሚከለከልበትን ሁሉ ጻፋችሁ፣ የሚፈቀድበትን ማን ጻፈው?

ሕግ ተማሪ፦
ይህ ሰበብ ነው።

እህተ ቅሬ፦
ሰበብ አይደለም። ልክ ነው ልጁ።

የቅሬው ጸሐፊ፦
አብሽሩ፣ አትጣሉ። አንድ ሐሳብ መጣልኝ። ክልክሉንም ነውሩንም ትተን «የለቅሶ ድስት እዚህ ይቀመጣል» ብለን ብቻ ብንጽፍስ? ያን ግድግዳ ከሚያረጥቡት ግማሾቹ ከዚያ ድስት የበሉ ናቸው።

ጡረተኛው መምህር፦
ይሄ ባለቤት አለው። እኔ እስማማለሁ። «ድስት» ላይ ፊደል እንዳይገድፉ ግን ሠዓሊውን ቆማችሁ አስጽፉ።

ረዳቱ፦
እሱንማ ካነበብኩ አልሸናም፤ ባለፈው ወር ለቅሶ ላይ እኔም በልቻለሁ። ግን መጸዳጃው የት ነው አላችሁኝ?