በአርክቲክ ጥብቅ ምድር ነዳጅ ይቆፈር ወይስ ይቅር?

ሰሜን ኮከብ፦

ለዚህ ሳምንት ክርክር ያመጣሁት የአላስካን ጉዳይ ነው። በሰሜን ምሥራቅ አላስካ፣ ከካናዳ ድንበር አጠገብ፣ የአርክቲክ ብሔራዊ የዱር እንስሳት መጠለያ የሚባል 78,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል የሚሰፋ ጥብቅ ምድር አለ። በ1960 (ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በፕሬዚዳንት አይዘንሃወር ዘመን ተከለለ፤ በ1980 ፕሬዚዳንት ካርተር በፈረሙት ሕግ ደግሞ ስፋቱ እጥፍ ያህል አደገ። ያው ሕግ ግን ዋናውን ጥያቄ ሳይቋጭ አሳደረው። በባሕሩ ዳር የተዘረጋው 1.5 ሚሊዮን ኤከር ሜዳ ለነዳጅ ፍለጋ ይከፈት ወይስ ይዘጋ የሚለውን ኮንግረስ ወደፊት ይወስን ብሎ ተወው። ከዚያ ወዲህ አንዱ አስተዳደር ይከፍታል፣ ሌላው ይዘጋል። በ2025 የወጣው ሕግ በአሥር ዓመት ውስጥ ቢያንስ አራት የሊዝ ጨረታ እንዲወጣ ያዛል፤ በዚያው ዓመት ጥቅምት ወር የአገር ውስጥ ጉዳይ መሥሪያ ቤቱ ሜዳውን በሙሉ ለጨረታ ክፍት ማድረጉን አስታወቀ።

ብዙዎቻችን በአሜሪካ የምንመርጥና ግብር የምንከፍል ሰዎች ነን፤ መሬቱም የፌደራል መንግሥት ነው። ስለዚህ ጉዳዩ እኛንም ይመለከተናል። ይቆፈር ወይስ አይቆፈር? ከዚህም በላይ የማን ቃል ነው ሊሰማ የሚገባው?

የአንኮሬጁ፦

እኔ የምኖረው አላስካ ነው፤ ይቆፈር ባይ ነኝ። በዚህ ክልል የገቢ ግብር የለም። እንዲያውም ለእያንዳንዱ ነዋሪ በየዓመቱ ከነዳጅ ገቢ ከተቋቋመው ቋሚ ፈንድ ድርሻ ይከፈለዋል። በ2022 ድርሻው 3,284 ዶላር ነበር፤ በ2025 ወደ 1,000 ዶላር ወርዷል። የክልሉ በጀት ሲጎድል መጀመሪያ የሚነካው ይኸው ድርሻ ነው። በሰሜን ጫፍ ካለው ከፕሩድሆ ቤይ የነዳጅ መስክ ተነሥቶ እስከ ቫልዲዝ ወደብ 1,287 ኪሎ ሜትር የሚሄደው ቧንቧ በ1988 በቀን 2 ሚሊዮን በርሜል ያህል ያወርድ ነበር፤ ዛሬ ከዚያ ሩብ እንኳ አይሞላም።

ነገር ግን ከእኔ ድርሻ ይልቅ የካክቶቪክ ሰዎች ጉዳይ ይበልጥብኛል። በዚያ ሜዳ ጫፍ፣ በባርተር ደሴት ላይ፣ ከ300 የማይበልጡ ሰዎች የሚኖሩባት መንደር ናት፤ አብዛኞቹ ኢኑፒያት የሚባሉ የአካባቢው ነባር ሕዝብ ናቸው። የአሜሪካ ጦር የራዳር ጣቢያና የአውሮፕላን ማረፊያ ሊሠራ ሲል መንደራቸውን አንዴ ሳይሆን ሦስት ጊዜ አስነሥቷቸዋል። በኋላም ማንም በቅጡ ሳያማክራቸው በዙሪያቸው ያለው ምድር ሁሉ ጥብቅ ተባለ። በ1972 የኖርዝ ስሎፕ አስተዳደር ተቋቁሞ የፕሩድሆ ቤይን የነዳጅ ተቋማት ግብር ማስከፈል ሲጀምር ነው ትምህርት ቤት፣ ክሊኒክ፣ የእሳት አደጋ ጣቢያና የቧንቧ ውኃ ያዩት። ከዚያ በፊት የሚጠጡት በረዶ አቅልጠው ነበር፤ መጸዳጃቸውም በየቤቱ የሚቀመጥ ባልዲ ነበር፤ ሲሞላ ተሸክመው በዚያ ብርድ ይደፉታል። ሞቅ ያለ ቤት ውስጥ ቁጭ ብሎ ለእነዚህ ሰዎች ‹ምድራችሁ ውብ ስለሆነ አትንኩት› ማለት ይከብደኛል።

ዋልያ፦

ወንድሜ፣ ስለ ካክቶቪክ ያልከው ሁሉ እውነት ነው፤ አንድም አልቀንስበትም። ግን ግማሹ ነው። ከሜዳው በስተ ደቡብ ካለው ተራራ ማዶ የሚኖሩትን ሌላውን ነባር ሕዝብ፣ ግዊቺንን፣ አላነሣሃቸውም። በአላስካና በካናዳ ተበትነው የሚኖሩ 9,000 ያህል ሰዎች ናቸው፤ ኑሯቸውም የፖርኪዩፓይን መንጋ በሚባለው የካሪቡ መንጋ ላይ የቆመ ነው። ካሪቡ የአጋዘን ዘር ነው፤ መንጋው በ2017 ቆጠራ 218,000 ያህል ነበር። ሥጋው የዓመት ቀለባቸው፣ ቆዳው ልብሳቸውና ጫማቸው፣ ታሪካቸውና ጸሎታቸውም ከእርሱ ጋር የተያያዘ ነው። ያንን ሜዳ በቋንቋቸው ‹ሕይወት የሚጀምርበት ቅዱስ ስፍራ› ይሉታል፤ በረሃብ ዘመን እንኳ ለአደን አይሄዱበትም።

ለምን እንዲህ እንደሚሳሱለት እንይ። እርጉዞቹ እንስት ካሪቡዎች ክረምቱን ካሳለፉበት ደን ተነሥተው በጥልቅ በረዶ ውስጥ በመቶዎች የሚቆጠር ኪሎ ሜትር ይጓዛሉ። ግንቦት መጨረሻ ላይ ከሜዳው ይደርሳሉ፤ በሰኔ የመጀመሪያ ቀናት ሁሉም በአንድ ጊዜ ይወልዳሉ። ግልገሉ በተወለደ በሰዓታት ውስጥ እናቱን ይከተላል። በዚያን ሰሞን በረዶው እየሸሸ የሚወጣው የጥጥ ሣር እምቡጥ ለምታጠባ እናት ከማንኛውም መኖ የተሻለ ነው። ተኩላው፣ ድቡና ንስሩ በብዛት የሚገኙት ወደ ተራራው ግርጌ ስለሆነ ሜዳው ይሻላቸዋል። ትንኙ በሚበረታበት ጊዜ ደግሞ ከባሕሩ የሚመጣው ነፋስ ያስታግስላቸዋል፤ አለዚያ ትንኙ መብላት እስኪያቅታቸው ድረስ ያባርራቸዋል። በረዶው ዘግይቶ ሜዳው ሳይደርሱ በመንገድ ላይ በወለዱባቸው በ2000 እና በ2001 ብዙ ግልገል ሞተባቸው። በተራራውና በባሕሩ መካከል ያለው ሜዳ ደግሞ ጠባብ ነው። ገለል በሉ ቢባሉ ወዴት ይሂዱ?

የጉድጓድ ሰው፦

በነዳጅ ቁፋሮ ሥራ ላይ ዓመታት ያሳለፍኩ ሰው ነኝና ስለ ሥራው ልናገር። ብዙ ሰው በዓይነ ሕሊናው የሚያየው የሰባዎቹን ፕሩድሆ ቤይ ነው። ዛሬ በአንድ የጠጠር መደብ ላይ ብዙ ጉድጓድ ተደርድሮ፣ መሰርሰሪያው ወደ ታች ወርዶ አግድም እየታጠፈ ከመሬት በታች ብዙ ኪሎ ሜትር ይሄዳል። በክረምት የሚሠራው መንገድ ከበረዶ ነው፤ በጋ ሲመጣ ይቀልጣል። ሜዳውን ለቁፋሮ የከፈተው የ2017ቱ ሕግም የመሬት ላይ ግንባታው ከ2,000 ኤከር አይብለጥ ብሎ ገድቦታል፤ ይህ ከ1.5 ሚሊዮን ኤከር ውስጥ ነው። ፕሩድሆ ቤይ አጠገብ የሚኖረው የማዕከላዊ አርክቲክ የካሪቡ መንጋም በሰባዎቹ አጋማሽ 5,000 ያህል ነበር፤ በ2010 ግን 70,000 ገደማ ደረሰ። ቁፋሮ መንጋ ያጠፋል የሚለው በዚያ አልታየም።

ሙያዬ የሚያስገድደኝን ሌላውን ወገንም ልጨምር። የበረዶ መንገድ ለመሥራት ብዙ ጨው የሌለው ውኃ ይፈልጋል፤ በዚያ ሜዳ በክረምት የማይደርቅ ወይም እስከ ታች የማይረጋ ውኃ ጥቂት ነው። በ1984 እና በ1985 ነዳጅ ለመፈለግ የከርሰ ምድር የንዝረት ጥናት ያደረጉ ከባድ መኪናዎች ሄደው ያለፉበት መስመር ከአሥርተ ዓመታት በኋላም በታንድራው (ዛፍ በማይበቅልበት በዚያ ቀዝቃዛ ሜዳ) ላይ ይታይ ነበር። የበረዶው አፈር አንዴ ከተነካ ቶሎ አይሽርም።

ዋልያ፦

የማዕከላዊው መንጋ ቁጥር እስከ 2010 ድረስ ያልከው ነው። በ2016 ግን ወደ 23,000 ገደማ ወርዷል። ለመውረዱ ቁፋሮው ምክንያት ነው አልልም፤ ለመብዛቱም ምክንያት ነው ወይም ጉዳት የለውም ማለት ግን ከዚያ አይወጣም። ተመራማሪዎች ደጋግመው ያዩት አንድ ነገር አለ፤ የምትወልድ እናት ከመንገድና ከመደብ አራት አምስት ኪሎ ሜትር ትሸሻለች። ማዕከላዊው መንጋ የሚሸሽበት ሰፊ ሜዳ አለው፤ የፖርኪዩፓይኑ የለውም። የ2,000 ኤከሩ ገደብም አንድ ላይ ይሁን አይልም። በየቦታው ተበታትኖ በመንገድና በቧንቧ ሲገናኝ የሚረብሸው ስፍራ ስንት እጥፍ እንደሚሆን አንተው ታውቀዋለህ።

አንጋፋው፦

ልጆቼ፣ እኔ ከገበያው በኩል ልያዘው። መንግሥት በ2017 ሕጉን ሲያወጣ ከጨረታው ለፌደራሉ ካዝና ብቻ ከ1 ቢሊዮን ዶላር በላይ ይገኛል ተብሎ ነበር። የመጀመሪያው ጨረታ በጥር 2021 ተከፈተ። ትልልቆቹ የነዳጅ ኩባንያዎች አልመጡም። የተገኘው 14.4 ሚሊዮን ዶላር ነው፤ አብዛኛውን መሬት የወሰደውም የአላስካ ክልል የራሱ የልማት ተቋም ነበር። ሁለት ትንንሽ ኩባንያዎች የወሰዱትንም በኋላ መለሱ። ጥር 2025 ሁለተኛው ጨረታ ወጣ፤ አንድም ተጫራች አልቀረበም። ታላላቅ ባንኮችም ለዚህ ቁፋሮ ገንዘብ አንሰጥም ብለው ነበር። በጥናት የተገመተው በአማካይ 7.7 ቢሊዮን በርሜል ከፌደራሉ መሬት በታች ቢኖር እንኳ፣ አውጥቶ ለመሸጥ አሥር ዓመትና ከዚያ በላይ ይፈጃል። ታዲያ የካክቶቪክ ሰዎች የሚጠብቁት ገንዘብ ከየት ይመጣል? ይህ ለእነርሱ ላም አለኝ በሰማይ እንዳይሆን እሰጋለሁ።

የአንኮሬጁ፦

ጋሼ፣ በአክብሮት እቃወምዎታለሁ። ኩባንያዎቹ የሸሹት ነዳጅ የለም ብለው አይደለም፤ በየአራት ዓመቱ የሚገለበጥ ፖሊሲ ስለሚያስፈራቸው ነው። የ2021ዱን ጨረታ የሚቀጥለው አስተዳደር በዚያው ዓመት አገደው፣ በ2023 ሊዙን ሰረዘው፤ በ2025 ደግሞ የፌደራል ዳኛ ስረዛው ሕገ ወጥ ነው አሉ። እንዲህ ባለ ነገር ማን ገንዘቡን ያፈስሳል? ከዚያ ወደ ምዕራብ፣ ጥብቅ ባልሆነው መሬት፣ ዊሎው የተባለው ፕሮጀክት በ2023 ሲፈቀድ ኮኖኮፊሊፕስ የተባለው የነዳጅ ኩባንያ ወዲያው ሥራ ጀምሯል።

ስለ ግዊቺንም አንድ ነገር ሳይነሣ እንዳይቀር። በ1980ዎቹ የራሳቸውን መሬት ለነዳጅ ፍለጋ አከራይተው ነበር፤ ነዳጅ ሳይገኝ ቀረ። በራሳቸው መሬት ሲሆን የፈቀዱትን በጎረቤታቸው መሬት ለምን ይከለክላሉ?

ዋልያ፦

አከራይተው ነበር፤ አዎን። ነገር ግን ያ መሬት መንጋው የሚወልድበት አልነበረም። ግዊቺን በ1988 በአርክቲክ ቪሌጅ ከሁለቱም አገር ተሰብስበው ሽማግሌዎቻቸው በተገኙበት የተስማሙት ስለ መውለጃው ነው። ነዳጅ የሚባል ነገር አይነካ አላሉም።

ካክቶቪክም በአንድ ድምፅ አትናገርም። እዚያው መንደር ውስጥ ቁፋሮውን የሚቃወሙ አሉ። ኢኑፒያት በጠቅላላ ነዳጅ ወዳድ ናቸው ማለትም አይቻልም፤ የነዳጅ ኩባንያው ሼል በ2007 በባሕሩ ላይ ሊቆፍር ሲነሣ ዓሣ ነባሪ አዳኞቹና የኖርዝ ስሎፕ አስተዳደር ፍርድ ቤት ሄደው ተከራክረውታል። ምክንያቱም ቀለባቸው ከባሕሩ ነው። ለዓሣ ነባሪያቸው የቆሙበት ምክንያት ግዊቺን ለካሪቡ ከሚቆሙበት ምን ይለያል?

ሰሜን ኮከብ፦

አስተያየቴን ልስጥ። እኔ አይቆፈር ባይ ነኝ፤ ምክንያቴም ይኸው የዋልያ የመጨረሻ ጥያቄ ነው። ትርፉና ጉዳቱ በተለያዩ ሰዎች ላይ ይወድቃል። ግዊቺን ከቁፋሮው ግብርም ሥራም አያገኙም፤ መንጋው ቢሳሳ ግን በልዋጭ የሚሰጣቸው ነገር የለም። ብዙዎቹ ደግሞ ካናዳ ውስጥ ያሉ ስለሆኑ በእኛ ምርጫ ድምፅ እንኳ የላቸውም። በ1987 አሜሪካና ካናዳ ይህን መንጋና መኖሪያውን አብረው ሊጠብቁ ተፈራርመዋል፤ ካናዳ በበኩሏ መንጋው የሚወልድበትን የራሷን ክፍል ብሔራዊ ፓርክ አድርጋ ዘግታዋለች። አንዱ ወገን ቃሉን ጠብቆ ሌላው ሲቆፍር ያሳፍራል።

የካክቶቪክ ጥያቄ ግን መልስ ይፈልጋል፤ የተፈጥሮ ጥበቃ ድርጅቶች ይህን ዘወር ብለው ማለፋቸው ያናድደኛል። ሦስት ጊዜ ያፈናቀላቸው የፌደራል መንግሥት ነው። ትምህርት ቤታቸውና ውኃቸው በአንድ ጉድጓድ ላይ የተንጠለጠለ ሊሆን አይገባም፤ ዕዳው የመንግሥት ነውና መንግሥት ይክፈል።

የአንኮሬጁ፦

እህቴ፣ መንግሥት ይክፈል ማለት ቀላል ነው፤ ሃምሳ ዓመት ጠብቀው ያላገኙት ነው። ደግሞም ሰዎቹ ድጎማ አልጠየቁም። የካክቶቪክ ኢኑፒያት ኮርፖሬሽን በዚያው ሜዳ 92,000 ኤከር የራሱ መሬት አለው፤ ከሥሩ ያለው ማዕድንም የኢኑፒያት ክልላዊ ኮርፖሬሽን ነው። በ1980ው ሕግ ምክንያት ግን ያለ ኮንግረስ ፈቃድ በገዛ መሬታቸው ነዳጅ ማውጣት አይችሉም ነበር። ባለቤት ተብሎ መጠቀም መከልከል ምን ዓይነት ባለቤትነት ነው?

የጉድጓድ ሰው፦

እዚህ ላይ መካከለኛ መንገድ ያለ ይመስለኛል። የከርሰ ምድር ጥናቱ እንደሚለው አብዛኛው ነዳጅ ያለው በሜዳው ምዕራባዊ ክፍል ነው። መንጋው በብዛት የሚወልደው ደግሞ በደቡብ ምሥራቁ ነው። ምዕራቡን ብቻ ከፍቶ ሌላውን ለዘለቄታው መዝጋት አይቻልም?

ሰሜን ኮከብ፦

የጥር 2025ቱ ጨረታ ይኸው ነበር እኮ። ሕጉ የሚፈቅደውን ዝቅተኛ መጠን፣ 400,000 ኤከር፣ ከሰሜን ምዕራቡ ክፍል አቀረቡ፤ መውለጃውን ተዉት። ጋሼ እንዳሉት ማንም አልመጣም። መካከለኛው መንገድ ለኩባንያዎቹ ካላዋጣ፣ የሚያዋጣቸው መውለጃውን ጨምሮ የተከፈተው ብቻ ነው ማለት ነው። እኔን የሚያስፈራኝ ያ ነው።

የአንኮሬጁ፦

ያን ጨረታ የገደለው የተጫነበት ገደብ ነው፤ ክልሉም በዚያ ምክንያት ክስ መሥርቶ ነበር። ገደቡ ላልቶ ምዕራቡ ብቻ ይውጣና እንየው። ተጫራች ከመጣ ካክቶቪክ ገቢዋን ታገኛለች፣ መውለጃውም አይነካም፤ ለዚህ እኔም ከእናንተ ጋር እፈርማለሁ። ካልመጣ ግን ጥያቄሽ ትክክል ነበር እላለሁ።

ዋልያ፦

የትኛው ገደብ ነው የሚላላው? የውኃው ነው፣ የዋልታ ድብ እናቶች በበረዶ ውስጥ የሚወልዱበት ዋሻ ርቀት ነው ወይስ በሰኔ ሥራ የሚቆምበት ጊዜ? ለይተህ ጻፍልንና በየአንዳንዱ ላይ እንከራከር።