«ራራ» እና «ርኅራኄ» ዘመዳሞች ናቸው?

የደሴዋ ልጅ፦ እናቴ የተራበ ውሻ ካየች «ሆዴ ራራ» ትላለች፤ ከእጇ ያለውን እንጀራ ትቆርስለታለች። ለልጄ አማርኛ ሳስተምራት «ርኅራኄ» ላይ ደረስን። «አያቴ የምትለው ነው?» አለችኝ። የምታውቁ እባካችሁ አስረዱኝ።

መሪጌታ፦ ልጅሽ ልክ ናት። ሥሩ ግዕዙ «ርኅርኀ» ነው። ለሰለሰ፣ ራራ፣ አዘነ ማለት ነው። «ር» እና «ኅ» ሁለት ሁለት ጊዜ ይመጣሉ። አማርኛ የጉሮሮ ድምፆችን ሲጥል «ኅ» ወደቀች፤ «ራራ» ቀረ። «ርኅራኄ» እና «ርኅሩኅ» ግን ከነፊደላቸው ከግዕዝ ገቡ። «ርህራሄ» ተብሎ ሲጻፍ በጣም ይከፋኛል። ሥሩ ይጠፋል እኮ! ለልጅሽ በ«ኅ» አስጽፊያት።

ቀለም ወዳድ፦ አራራይንም አትርሱ። ከግዕዝና ከዕዝል ጋር ከሦስቱ የቅዱስ ያሬድ ዜማዎች አንዱ ነው። ሊቃውንቱ «የሚያራራ» ብለው ይፈቱታል። በአራራይ ሲዜም የሰማ ሰው ለምን እንደሆነ ይገባዋል።

የደሴዋ ልጅ፦ የኔታ፣ እግዚአብሔር ይስጥልን። ዛሬውኑ በ«ኅ» አስጽፋታለሁ። «ቸር»ስ ከግዕዝ ነው?