የንቧን ዓይንና ክንፍ አንድ ላይ ጥርት ማድረግ አቃተኝ

ሰላም ወገኖች። የምኖረው ሱሉልታ ነው። ሰሞኑን ሜዳው ሁሉ አደይ አበባ ስለሆነ ንቦችን በጣም ቀርቤ ማንሳት ጀምሬያለሁ።

ያለኝ ካኖን 700ዲ ካሜራ፣ 50 ሚሊ ሜትር ኤፍ 1.8 ሌንስ እና በሁለቱ መሃል የሚገባ፣ በጣም ቀርቦ ለማንሳት የሚያስችል ባዶ ቀለበት (ኤክስቴንሽን ቲዩብ) ነው። ቲዩቡ ርካሹ ዓይነት ነው፤ የኤሌክትሪክ መገናኛ የለውም። ስለዚህ አፐርቸሩን፣ ማለትም ብርሃን የሚገባበትን የሌንሱን ቀዳዳ፣ ከካሜራው መቀየር አይቻልም። ግን ዘዴ አለው። መጀመሪያ ሌንሱን ያለ ቲዩብ እገጥምና ቀዳዳው ጠቦ ብዙው ነገር ጥርት የሚልበት ኤፍ 11 ላይ አደርገዋለሁ። ከዚያ ቀዳዳውን ከማንሳት በፊት የሚያጠብበውን የዴፕዝ ኦፍ ፊልድ ቁልፍ ተጭኜ እንደያዝኩ ሌንሱን እነቅለዋለሁ። አፐርቸሩ እዚያው ላይ ይቀራል።

ችግሩ የሚመጣው ከዚህ በኋላ ነው። ቀዳዳው ሰፊ በሆነበት በኤፍ 1.8 ሳነሳ የንቧ አንድ ዓይን ብቻ ጥርት ይላል። እግሯ ላይ የተሸከመችው ቢጫ ብናኝ እንኳ ይደበዝዛል፤ እኔ ደግሞ በጣም የምፈልገው እሱን ነው። በኤፍ 11 ደግሞ የማይበት መስኮት (ቪውፋይንደሩ) ይጨልማል፤ ፈልጌ ሳገኛት በራለች። ካሜራው ለብርሃን ያለውን ስሜት (አይኤስኦውን) እስከ 3200 ከፍ አደረግኩት፣ ምስሉ አሸዋ የተነሰነሰበት መሰለ። ትራይፖድም አልረዳኝም፤ የሱሉልታ ንፋስ አበባውን ማወዛወዙን አይተውም። የካሜራው የራሱ ፍላሽ ደግሞ ሌንሱ ስለረዘመና ንቧ አፍንጫው ስር ስለሆነች የሌንሱን ጥላ ያሳርፍባታል።

ለቅርብ ፎቶ ተብሎ የተሠራው ማክሮ ሌንስ ለጊዜው ከአቅሜ በላይ ነው። ገንዘቤ የሚበቃው ለአንድ ዕቃ ብቻ ነው፣ አደይም ብዙ አይቆይም። መገናኛ ያለው ቲዩብ ልግዛ ወይስ ከሌንሱ ጎን የሚያዝ ውጫዊ ፍላሽ?