የ1997 ኮሮላ የፊት እግር ይንኳኳል፤ አሞርዛተር ነው ወይስ ቡሽ?

ጮቄ (ደብረ ማርቆስ)፦
ሰላም ለቤቱ። መኪናዋ 110 የምትባለዋ ኮሮላ ናት። ኮብልስቶን ላይ በዝግታ ስትሄድ ከፊት በቀኝ ኳ ኳ ትላለች፣ ፍሬን ሲያዝ አፍንጫዋ ይደፋል። የፊት ጎማዎቹ የውስጥ ጠርዝ ተበልቷል። ጋራዥ አሞርዛተር (የሞላውን ንዝረት የሚያበርደው) ብቻ ቀይር ይላል። ይበቃል?

የዳሞቱ፦
አይበቃም። የሞተ አሞርዛተር ጎማን ቦታ ቦታ ይቦረቡራል እንጂ ጠርዙን ለይቶ አይበላም። ጠርዝ ሲበላ አላይመንት (የጎማዎቹ አቀማመጥ) ተዛብቷል፤ ብዙ ጊዜ ሰበቡ ያለቀ የብራቾ ቡሽ ነው፤ ብራቾ ጎማውን ከቦዲው የሚያያይዘው የታችኛው ክንድ ነው፣ ቡሽ ደግሞ በመጋጠሚያው ውስጥ ያለው ላስቲክ። ሳትገዛ መርምር። ከቦዲው ማንሻ በክሪክ አንሳና ጎማው ተንጠልጥሎ ሳለ ከላይና ከታች ይዘህ ነቅንቅ፦ ከተንቀሳቀሰ ቦል ጆይንት (ብራቾውን ከጎማው ጋር የሚያገናኘው ክብ መጋጠሚያ) ወይም የጎማ ኩሽኔታ። ከግራና ከቀኝ ከሆነ የመሪ ዘንግ ጫፍ። ብራቾውን በረጅም ብረት ግፋው፣ ቡሹ ከተቀደደ ይታያል። ቆማ መሪ ስታዞር ሞላው ዘሎ ድምፅ ከሰጠ የላይኛው ኩሽኔታ ነው። በዝግታ ትንንሽ ጉብታ ላይ የሚንኳኳው ግን አብዛኛውን ጊዜ ስታብላይዘር ሊንክ (መኪናዋ እንዳታጋድል የሚይዘው ብረት ማያያዣ) ነው፣ እሱ ደግሞ ርካሽ ነው።

ጮቄ፦
ቡሹ ተቀዷል፣ ሊንኩም ላልቷል። ምን ምን ልግዛ?

ሰከላ፦
አዲስ አበባ ሶማሌ ተራ (የመለዋወጫ ገበያው) የሚሄድ ሰው ካለህ አንዴ አስመጣው፦ 2 አሞርዛተር፣ 2 የላይኛው ማውንቲንግ (የአሞርዛተሩ የላይ መያዣ) ከነኩሽኔታው፣ 2 የአቧራ ሽፋን ከነጎማ ማቆሚያው፣ 2 ሊንክ፣ 4 የብራቾ ቡሽ። ቦል ጆይንት ነቅንቀህ ካልላላ አትንካው። አሞርዛተር በአንድ በኩል ብቻ አይቀየርም፤ ፍሬን ስትይዝ መኪናዋ ወደ አንድ ጎን ትስባለች።

ፕሬስ (በግፊት የሚያስገባ ማሽን) የሌለው ጋራዥ ቡሽ በመዶሻ ሲያስገባ ብራቾውን ያጣምማል። እዚያ ከሆነ ሙሉ ብራቾ መግዛት ይሻላል። ፕሬስ ካለ አሮጌው የተቀመጠበትን አቅጣጫ በኖራ ምልክት አድርግ። ቡሹን በሳሙና ውሃ እንጂ በግራሶ አታስገባው፣ ግራሶ ጎማውን ያሳብጠዋል።

ሞላው በሁለት መጭመቂያ ትይዩ ሳይጠበቅ የመሀሉን ዳዶ እንዳትነካው፤ ሰው ይገድላል። የፍሬን ቱቦው ከአሞርዛተሩ ጋር የታሰረበትን መያዣ ቀድመህ ፍታ፣ ካሊፐሩን (የፍሬን ሸራ የሚይዘውን) በሽቦ እሰረው፣ በቱቦው አይንጠልጠል።

የዳሞቱ፦
አንድ ነገር ልጨምር፣ ጋራዦች የሚዘሉት ይሄን ነው። የብራቾውን ብሎኖች ጎማው ተንጠልጥሎ ሳለ አታጥብቃቸው። የጎማ ቡሽ አይሽከረከርም፣ ይጠመዘዛል። ተንጠልጥሎ ከጠበቀ መኪናዋ መሬት ስትነካ ቡሹ እንደተጠመዘዘ ይቀራል፣ በወራት ውስጥ ይቀደዳል። ብሎኖቹን በእጅ ብቻ አስገባ፣ መኪናዋን መሬት አውርድ፣ ፊቷን ሁለት ሦስቴ ጫን ጫን አድርግ፣ ከዚያ አጥብቅ። የጎማ ዳዶ 103 ኒውተን ሜትር ነው፣ በመስቀል ቅደም ተከተል። አላይመንት ከተሠራ በኋላ ነው አዲስ ጎማ የሚገባው፣ አለበለዚያ ያንኑ ጠርዝ ይበላል። ወደ አባይ በረሃ ከመውረድህ በፊት ብሎኖቹን አንዴ በቁልፍ ሞክራቸው።