ጅማ፦ የሰፈር በጎ ፈቃደኞች በሽታን ከምንጩ እንዲከላከሉ ሥልጠናው ከምን ይጀመር?

የአዌቱ ዳር (ጠያቂ)

ሰላም ለዚህ ቤት። ሄርማታ አካባቢ ያሉ ሦስት እድሮች ተነጋግረው 20 በጎ ፈቃደኞች መርጠዋል፤ 14ቱ ሴቶች ናቸው። የታሰበው የአምስት ቀን የአዳራሽ ሥልጠና ነው፦ እጅ መታጠብ፣ የሽንት ቤት አጠቃቀም፣ አጎበር። ይህንን ግን የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ቤት ለቤት ሲያስተምሩት ዓመታት ተቆጠሩ፤ ሰዉ በቃሉ ይወጣዋል። ያም ሆኖ ክረምት ሲገባ ተቅማጡ፣ ዝናቡ ሲያባራ ወባው እዚያው ሰፈር፣ እዚያው ግቢ ይመለሳል። የሚያስፈልገን ሌላ አስተማሪ አይመስለኝም፤ በሽታውን የሚያመላልሰውን ነገር ፈልጎ የሚያገኝና የሚመለከተውን መሥሪያ ቤት ይዞ የሚያስፈጽም ሰው ነው።

ሥልጠናው እንዴት ቢከፋፈል ይሻላል? ስምንተኛ ክፍል ላልጨረሰ ሰው የችግርን መነሻ ፍለጋ በምን መልክ እንስጠው? መነሻው ከተገኘ በኋላስ «በጀት የለም» ለሚል ኃላፊ ምን ይዞ መቅረብ ይቻላል? ስለ አበልም የምትሉት ካለ።

ቱቦ ጠጋኝ

አምስቱን ቀን ባንዴ አትጨርሱት። 10 ግማሽ ቀን አድርጉትና በሳምንት አንድ ስጡ፤ በመሀሉ ሠልጣኙ ሰፈሩ ገብቶ የሚሠራው የቤት ሥራ ይኖረዋል። ከአሥሩ ሦስቱ ብቻ ቤት ውስጥ ይሁኑ፤ የገበያ ቀንን ሽሹ። 20ውን በአራት ቡድን ክፈሉ፤ በየቡድኑ አንብቦ መጻፍ የሚችል አንድ ሰው ካለ ይበቃል። አፋን ኦሮሞ የሚቀናውን ሰው በአማርኛ ብቻ ብታሠለጥኑት ሲያዳምጥ ውሎ ይሄዳል እንጂ አፉን አይከፍትም። ስለዚህ ቡድኑ በሚቀናው ቋንቋ ይወያይ፤ ቅጹም በሁለቱም ይዘጋጅ።

የመጀመሪያው ቀን የእግር ጉዞ ነው፤ ከዳገቱ ወደ ወንዙ፣ ጎርፉ በሚወርድበት አቅጣጫ። የሚመዘገበው አራት ነገር ብቻ ነው፦ ቦዩ የት እንደሚደፈን፣ የመጠጥ ውሃ መስመር የት ቦይ ውስጥ እንደሚያልፍ፣ የትኛው ሽንት ቤት ሞልቶ እንደሚፈስ፣ የቆሻሻ ሰብሳቢዎች ጋሪ የት ደርሶ እንደሚመለስ። ዝናብ ባደረ ማግስት ጠዋት ቢሆን ይመረጣል፤ በበጋ ጤነኛ የሚመስለው ቦይ ሁሉ ያን ቀን ገመናው ይታያል።

ከዚያ ወደ «ለምን?» ትገባላችሁ። ለዚህ ክፍል ትምህርት አያስፈልግም፤ የሚያስፈልገው ሁለት ጥብቅ ሕግ ነው። አንደኛ፣ «ግንዛቤ ማነስ» እና «ድህነት» የመጨረሻ መልስ ሆነው አይመዘገቡም። ሁለቱም እውነት ሊሆኑ ይችላሉ፤ ግን ደብዳቤ የሚጻፍላቸው ባለቤት የላቸውም። መልሱ ስም ያለው መሥሪያ ቤት ወይም ስም ያለው የቤት ባለቤት ዘንድ እስኪደርስ መጠየቅ ይቀጥላል። ሁለተኛ፣ እያንዳንዱ መልስ ሰው አይቶት ወይም ለክቶት መረጋገጥ አለበት። ብዙ ሥልጠና የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው፤ ሰዎች ክብ ሠርተው ተቀምጠው ግምታቸውን በትልቅ ወረቀት ላይ ይጽፉና «የችግር ዛፍ ሠራን» ብለው ይበተናሉ።

ለመለካት ርካሹና ጠቃሚው መሣሪያ በዲፒዲ እንክብል (ክሎሪን ያለበትን ውሃ ሮዝ የሚያደርግ) የሚሠራው የክሎሪን መለኪያ ነው። ባንድ ቀን ከአንድ ሰፈር የስድስት ቤት ቧንቧና ጀሪካን ለኩ፤ ከስድስቱ ሁለቱ መስመሩ የሚያልቅበት ጫፍ ላይ ያሉ ይሁኑ። ቧንቧው ላይ ቢያንስ 0.2 ሚሊ ግራም በሊትር ነፃ ክሎሪን (ጀርም ለመግደል የተረፈ ክሎሪን) መገኘት አለበት። ቧንቧው 0.4 አሳይቶ ያን ቀን የተቀዳው ጀሪካን 0 ካሳየ ጉዳዩ አቀማመጥና አቀዳድ ነው፤ ያን የእናንተው ሰዎች መጨረስ ይችላሉ። ቧንቧው ራሱ 0 ከሆነ ግን ሰውን ስለ ጀሪካን እጥበት መምከር ፋይዳ የለውም፤ ጥያቄው ለውሃ አገልግሎቱ ነው። የሚያሳስቱ ነገሮችም አሉ። እንክብሉን በጣት አትንኩ። ቀለሙን እንደሟሟ ወዲያው አንብቡ፤ ከቆየ ሮዝነቱ እየደመቀ ያታልላል። ትናንት የተቀዳ ውሃ አትለኩ፤ ክሎሪን ሲያድር በራሱ ይቀንሳል።

ውሃ በፈረቃ የሚለቀቅበት ሰፈር ላይ ደግሞ ሌላ ነገር አለ። መስመሩ ባዶ ሲሆን ግፊቱ ይወርድና በተሰነጠቀው ወይም በላላው መገጣጠሚያ በኩል ውጭ ያለው ፍሳሽ ወደ ውስጥ ይሳባል። ውሃው ሲመለስ መጀመሪያ የሚወርደው ያ ነው። ስለዚህ ቡድኑ መስመሩ ቦይ ውስጥ የሚያልፍበትን እያንዳንዱን ቦታ ፎቶ አንስቶ፣ ከታወቀ ምልክት ያለውን ርቀት በሜትር ጽፎ ይያዝ። «ውሃችን ተበክሏል» የሚል አቤቱታ መልሱ «እናጣራለን» ነው፤ «ከድልድዩ 12 ሜትር ወደ ታች መስመራችሁ ቦይ ውስጥ ተኝቶ ይንጠባጠባል» ለሚለው ግን ሠራተኛ ከመላክ ሌላ መልስ የለም።

ሰነድና ማኅተም

ወንድሜ ቱቦ ጠጋኝ ስለ ማጣራቱ ጨርሶታል፤ እኔ ከዚያ በኋላ ስላለው። ጥሩ የተሠራ ጥናት በሁለት ምክንያት መሳቢያ ውስጥ ይቀራል፦ ወቅቱ ካለፈ በኋላ ስለሚገባ፣ ወይም የማይመለከተው ቢሮ ስለሚገባ።

የበጀት ዓመቱ ሐምሌ 1 ይጀምራል፤ ዕቅዱ ግን የሚዘጋጀው ወራት ቀደም ብሎ ነው። እስከ የካቲት ድረስ እጃቸው ያልገባ ጥያቄ ከዕቅድ ውጭ የመሆን ዕድሉ ሰፊ ነው። ጎርፉ ሲያጥለቀልቅ በሐምሌ የሚጻፍ አቤቱታ ሐዘኔታ ቢያገኝ እንጂ በጀት አያገኝም። ስለዚህ ጉዞውን በነሐሴና በመስከረም፣ ማጣራቱንና ዋጋ ማሰባሰቡን እስከ ታኅሣሥ፣ ማስገባቱን በጥር አድርጉት።

ባለቤቱን ስለማወቅ አንድ ምሳሌ ልስጥ። ስድስት አባወራ የሚጋራው ሽንት ቤት ሞልቶ ይፈሳል። 30 ሰው ቢጠቀምበት በሰው በዓመት ወደ 0.05 ሜትር ኩብ ይጠራቀማል፣ ማለትም 1.5 ሜትር ኩብ። ጎኑ 1.2 በ1.2፣ ጥቅም ላይ የሚውለው ጥልቀቱ 2.5 ሜትር የሆነ ጉድጓድ 3.6 ሜትር ኩብ ይይዛል፤ ሁለት ዓመት ተኩል ሳይደፍን ይሞላል። ለምን አልተመጠጠም? መምጠጫ መኪናው ቅያሱ ውስጥ አይገባም። ለምን ሌላ አልተቆፈረም? ቤቱ የቀበሌ ነው፤ ተከራዩ ያለ ፈቃድ ማደስም መቆፈርም አይችልም። ይኸው መጨረሻው ላይ ተደረሰ፦ ጉዳዩ የጤና ጽሕፈት ቤት ሳይሆን የመንግሥት ቤቶችን የሚያስተዳድረው ክፍል ነው። የከተማ ትርፍ ቤት በአዋጅ ቁጥር 47/1967 ከተወረሰ ወዲህ አከራዩ ማን እንደሆነ የታወቀ ነው፤ ስለ ሽንት ቤቱ አከራዩን የሚጠይቅ ግን እምብዛም አይታይም።

ማመልከቻው ከአንድ ገጽ አይብለጥ፦ ምን፣ የት፣ የማን ኃላፊነት፣ ስንት ብር፣ እስከ መቼ። ዋጋውን በሦስት ፕሮፎርማ አስደግፉት። «ቦዩ ይከደንልን» አትበሉ። 50 ሜትር ቦይ በ60 ሳንቲ ሜትር ስፋትና በ10 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ለመክደን 3 ሜትር ኩብ ኮንክሪት ይወጣል፤ ይህም በ1፡2፡4 ድብልቅ ባለ 50 ኪሎ 20 ከረጢት ሲሚንቶ፣ 1.5 ሜትር ኩብ አሸዋ፣ 3 ሜትር ኩብ ጠጠር፣ ወደ 35 ባለ 12 ሜትር የ10 ሚሊ ሜትር ብረት ነው። የጉልበቱን ሥራ እድሩ እንደሚችል ጨምራችሁ ጻፉ። ኃላፊው «በጀት የለም» ሊል የሚችለው መጠኑ ላልታወቀ ነገር ነው፤ ለ20 ከረጢት ሲሚንቶ ቢያንስ «የተረፈ ካለ ልይ» ማለቱ አይቀርም።

መዝገብ ቤት ስታስገቡ ቅጂው ላይ ቁጥርና ቀን አስመቱ፤ ያለዚያ ደብዳቤው አልገባም ማለት ነው። መረጃ ከተከለከላችሁ የመረጃ ነፃነት አዋጁ ቁጥር 590/2000 ለመልስ የ30 ቀን ገደብ አስቀምጧል። ወንዝ የሚበክል ድርጅት ካለ ደግሞ በአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 አንቀጽ 11 መሠረት በቀጥታ ተጎዳሁ ማለት ሳያስፈልግ ማንም ሰው አቤት ማለት ይችላል፤ በ30 ቀን ውሳኔ ካላገኘ በ60 ቀን ውስጥ ፍርድ ቤት መሄድ ይፈቀድለታል። ይህንን የምናነሳው ለማስፈራራት አይደለም፤ ሠልጣኙ ቢሮ ሲገባ አንገቱን እንዳይደፋ ነው።

ቢምቢ አዳኝ

ስለ ወባው አጭር ነገር፤ እዚህ ላይ ጉልበት በከንቱ ሲፈስ ስለሚታይ። የጠቆረ፣ የሚሸት ቦይ ጠርጎ «ወባን ተከላከልን» ማለት ልክ አይደለም። እዚያ በብዛት የሚፈለፈለው ኩሌክስ የሚባለው የቢምቢ ዓይነት ነው፤ እንቅልፍ ይነሳል እንጂ ወባ አያስተላልፍም። በአገራችን ዋናዋ የወባ አስተላላፊ አኖፌለስ አራቢየንሲስ የምትወደው ጥልቀት የሌለውና ፀሐይ የሚያገኘው ኩሬ ነው፦ የጡብ አፈር የተቆፈረበት ጉድጓድ፣ ለመንገድ ሥራ አፈር የተወሰደበት ቦታ፣ ከብት የረገጠው ረግረግ፣ የቦኖ ውሃ እየፈሰሰ ያቆረው።

መለያው ቀላል ነው። ነጭ ጭልፋ ዘንግ ላይ አስራችሁ ውሃውን በቀስታ ቅዱ። የቢምቢው እጭ ከውሃው ገጽ ጋር ጠፍጣፋ ከተኛ አኖፌለስ ነው፤ ጭንቅላቱን ወደ ታች አድርጎ ሰያፍ ከተንጠለጠለ ሌላ ነው። ጥላችሁ ኩሬው ላይ ካረፈ ወደ ታች ይሰምጣሉና ፀሐይን ፊት ለፊት አድርጋችሁ ቅዱ። ሠልጣኙ ይህን በግማሽ ቀን ይለምደዋል።

ከእንቁላል እስከ ክንፍ በሙቀቱ መጠን ከሳምንት እስከ ሁለት ሳምንት ስለሚፈጅ ኩሬው በየሰባት ቀኑ ከተንጣፈፈ ትውልዱ ይቋረጣል። ዋናው ወረርሽኝ ከመስከረም እስከ ኅዳር ነው፤ ስለዚህ መድፈኑ በጳጉሜን ካላለቀ ዘግይቷል። በርሜልና የውሃ ታንከርም ይከደን፤ ከ2016 በአውሮፓውያን አቆጣጠር ወዲህ ኢትዮጵያ ውስጥ የታየችው አኖፌለስ ስቴፈንሲ የምትራባው የከተማ ውሃ ማጠራቀሚያ ውስጥ ነው። ጉድጓዱን ማን ቆፈረው? ተቋራጩ ከሆነ ሥራውን ሳያስረክብ በፊት እንዲደፍን መጠየቅ ነው፤ ካስረከበ በኋላ ጥያቄው የሚያርፍበት ሰው ይጠፋል።

የአዌቱ ዳር

እጅግ አመሰግናለሁ። አንድ የቀረኝ፦ በመሀሉ አተት (አጣዳፊ ተቅማጥና ትውከት) ቢነሳ እነዚህ ሰዎች ምን ያድርጉ? ሥልጠናውን እንቀጥል ወይስ እናቁም?

ሲስተር_ጅ

አቁሙ፤ ሙሉ በሙሉ ባይሆንም። አተት ሲነሳ «ለምን» የሚለው ምርመራ ይቆይና መጀመሪያ ሰው ይትረፍ። ሠልጣኙ የሚያስፈልገው ሦስት ነገር ነው። ውሃ የሚመስል ተቅማጥ የያዘውን ሰው ያንኑ ሰዓት ለጤና ኤክስቴንሽኗ ወይም ለጤና ጣቢያው ያሳውቅ፤ እስኪሻለው አይጠብቅ። አንድ ከረጢት ለምለም በ1 ሊትር ንጹህ ውሃ ይበጥብጥ፤ ከ24 ሰዓት በኋላ የተረፈው ይደፋ። በሁለት ሊትር ካቀጠኑት የጠፋውን ጨው አይተካም፤ በግማሽ ሊትር ካወፈሩት በተለይ ሕፃናትን ይጎዳል። የመጠጥ ውሃ ማከሚያውን ደግሞ በእሽጉ ላይ በተጻፈው ልክ ብቻ ይጠቀም፤ የደፈረሰ ውሃ ካልተጣራ ወይም ካልጠለለ መድኃኒቱ በድፍርሱ ተበልቶ ያልቃል።

ወረርሽኙ ሲያልፍ ደግሞ ትልቁን ትምህርት አትጣሉት። ሰው የታመመባቸው ቤቶች የሰፈሩ ንድፍ ላይ በነጥብ ምልክት ይደረግባቸው፤ የውሃ መስመሩ፣ ቦዩና ቦኖው በሌላ ቀለም። እንግሊዛዊው ሐኪም ጆን ስኖው በ1854 በአውሮፓውያን አቆጣጠር ኮሌራ ሲነሳ ለንደን ውስጥ የብሮድ ስትሪትን የውሃ ፓምፕ እጀታ ያስነቀለው የሟቾቹ ቤት የት እንደሆነና ውሃ ከየት እንደሚቀዱ በማጣራት ነበር። ንድፉ ላይ ግን የአባወራ ስም አይጻፍ፤ አዳራሽም ውስጥ አይሰቀል። «የእነ እገሌ ቤት» ተብሎ የተጠቆመ ግቢ በሚቀጥለው ጊዜ በሽተኛውን ይደብቃል።

አበልን በተመለከተ ለሥልጠናው ቀን ገንዘብ አትክፈሉ፤ ሻይና የትራንስፖርት ብቻ ይሁን። በቀን የሚከፈል ከሆነ ዝርዝሩ በሊቀ መንበሩ ዘመዶች ይሞላል። ምርጫው ላይ ተከራዮችን አትርሱ። እድር ውስጥ የሚመረጠው ብዙ ጊዜ የቤት ባለቤት ነው፤ ሽንት ቤቱን የማያሠራው አከራይ ሲነሳ ራሱ ስለሆነ ነገሩ ይለዝባል።

ቱቦ ጠጋኝ

ሰነድና ማኅተም ያነሳው ክዳን ላይ ልጨምር። አንድ ሜትር ርዝመት ያለው ክዳን 60 ሳንቲ በ10 ሳንቲ ሲሆን ወደ 144 ኪሎ ይመዝናል። ሁለት ሰው አያነሳውም፤ ስለዚህ አይከፈትም፤ ስለዚህ ደለሉ ውስጥ ይከማችና ከሁለት ክረምት በኋላ ቦዩ ከመከደኑ በፊት ከነበረው ይብሳል። ርዝመቱን 50 ሳንቲ ሜትር አድርጉት፤ 72 ኪሎ ይሆናል፣ ብረቱም ከ35ቱ አይዘልም። ኮንክሪቱ ሲሞላ ሁለት የብረት መንጠልጠያ ይቀበርበት። ብረቱ ከታች 2.5 ሳንቲ ሜትር ከፍ ብሎ ይቀመጥ፤ ቢያንስ ሰባት ቀን ውሃ እየጠጣ ይቆይ። በየ10 ሜትሩ አንድ ቦታ በክዳን ፈንታ የብረት ፍርግርግ ይግባ፤ ጎርፉ የሚገባበት ከሌለ መንገዱ ላይ ይተኛል።

ማመልከቻው ላይም ከክዳኑ ጎን የቆሻሻ ጋሪውን ጉዳይ ጻፉ። ጋሪው የማይገባበት ቅያስ ቆሻሻው መሄጃው ቦዩ ነው፤ ክዳን ቢደረግም በፍርግርጉ በኩል ይገባል። ጋሪው የሚቆምበት ነጥብና የሚመጣበት ቀን ከቆሻሻ ሰብሳቢዎቹ ማኅበር ጋር በጽሑፍ ሳይያዝ ሲሚንቶ አትግዙ።