«ያለ ደም» ነው ያለው?

ታዛቢ፦ ትናንት ማታ በሬዲዮ አንዱ «የታሪክ ተንታኝ» እንግሊዞች ነገሥታቶቻቸውን «ያለ ደም፣ በመነጋገር ብቻ» ከሕግ በታች አዋሉ ሲል ሰማሁት። ቀዳማዊ ቻርልስ እ.ኤ.አ. በ1649 ዋይትሆል ላይ አንገቱ የተቀላው ሲነጋገሩ ነው?

የጉለሌው፦ አትቆራርጠው። ሰውየው ያወራው ስለ 1688 ነው። ዳግማዊ ጄምስ የገዛ መኮንኖቹ ሲከዱት ፈረንሳይ ገባ፤ ልጁ ሜሪና ባሏ ዊሊያም ነገሡ። በ1689 የመብቶች ሕግ ወጣ፤ ያለ ፓርላማ ፈቃድ ግብር መጣልም ሆነ በሰላም ጊዜ ጦር ማቆም ቀረ። እስቲ ለዚህ ስንት ሰው ሞተ?

ታዛቢ፦ ዊሊያም ከሆላንድ ከአሥር ሺህ በላይ ወታደር ጭኖ ዴቨን የወረደው ለውይይት ነዋ! በ1690 አየርላንድ ውስጥ ቦይን ወንዝ ላይ አማችና አማት ጦር ሲማዘዙስ?

የጉለሌው፦ አየርላንድ ሌላ ነው። እኛ ስለ እንግሊዝ ነው የያዝነው።

የሊድሷ፦ «ሌላ ነው»! ስኮትላንድ ግሌንኮ ላይ በ1692 ያሳደሯቸው ወታደሮች ሌሊት ተነሥተው የፈጇቸው የማክዶናልድ ጎሳ ሰዎችም ሌላ ናቸው? ደሙን ጎረቤት ደጅ አፍስሶ «ያለ ደም» ማለት ደስ ይላል።

አንጋፋው፦ ልጆች፣ ሁላችሁም 1215ን ዘላችኋል። የንጉሡን ሥልጣን የገደበው ሰነድ፣ ማግና ካርታ፣ የት ሄደ?

ታዛቢ፦ ጋሼ፣ ንጉሥ ጆን ማኅተሙን ባሳረፈ በሦስት ወር ውስጥ የሮሙ ጳጳስ ሻሩለት። ከመኳንንቱም ጋር ጦርነት ገጠመ።

አንጋፋው፦ ልጁ ሄንሪ በ1225 መልሶ ያወጀውስ? ግብር ፈልጎ ነው። ቻርልስም ከ1629 እስከ 1640 ያለ ፓርላማ ገዝቶ፣ የስኮትላንድ ጦርነት ካዝናውን ሲያራቁትበት ነው የጠራቸው። ንጉሥ የሚለሰልሰው ኪሱ ሲራቆት ነው።

የጉለሌው፦ ተባረኩ ጋሼ! ኪስ እንጂ ሰይፍ አይደለም። ያለ ደም ማለት ይኸው ነው።

ታዛቢ፦ የስኮትላንዱ ጦርነት በሎሚ ውርወራ ነበር እንዴ የተካሄደው?

የጉለሌው፦ አንተ አንዲት ቃል ይዘህ ሙጭጭ። ውጤቱን እየው፦ ንግሥት አን በ1708 እምቢ ካለች ወዲህ ፓርላማ ያሳለፈውን ሕግ አላጸድቅም ያለ ንጉሥ የለም። ዛሬ ዙፋኑ ጌጥ ነው።

የሊድሷ፦ ጌጥ ከሆነ በ2023 የልዑል ዓለማየሁን ዐፅም አንመልስም ያለው ማነው? መልሱ የመጣው ከቡኪንግሃም ቤተ መንግሥት ነው።

የጉለሌው፦ ይሄ ደግሞ ከየት መጣ? ዊንዘር ቅዱስ ጊዮርጊስ ጸሎት ቤት ስለተቀበረ ነው የተጠየቁት። የሌሎቹን ዐፅም ሳንነካ ማውጣት ያስቸግራል አሉ፤ አለቀ። ከሕገ መንግሥት ጋር ምን አገናኘው?

የሊድሷ፦ ቻርልስን ያስገደለውን ክሮምዌልን በ1661 ከዌስትሚኒስተር ቤተ ክርስቲያን ቆፍረው አውጥተው ሬሳውን ሰቅለውታል። ያኔ መቆፈሩ አላስቸገራቸውም።

ታዛቢ፦ ሃሃሃ! ከሬሳ ደም አይወጣም። ተንታኙ ልክ ነው፣ ያለ ደም ነው።

የጉለሌው፦ ሳቁ። የ1688ን ሟቾች ቁጠርልኝ ካልኩህ ስንት ሰዓት ሆነ?

ታዛቢ፦ መጀመሪያ አንተ ቦይንን ቁጠርልኝ።

የጉለሌው፦ አየርላንድ ሌላ ነው አልኩህ እኮ!

አዲስ ገቢ፦ ፕሮግራሙ የትኛው ሬዲዮ ላይ ነው? ሊንኩን ለጥፉልን እስቲ።