ዩቲዩብን ራውተሩ ላይ ዘግቼው የልጆቼ ስልክ ላይ ግን ይሠራል፤ ዳታው እንዴት ወር ይድረስልኝ?

የሁለት ልጆች እናት (ልደታ)

ሰላም ለሁላችሁም። ልደታ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ነው የምኖረው። ቤት ያለን ሲም የሚገባበት የ4ጂ ራውተር ነው፤ በየወሩ 60 ጊጋ ጥቅል እገዛለሁ። እስከ ሰኔ ወሩን ያደርሰኝ ነበር። ሐምሌ ገብቶ ትምህርት ሲዘጋ በ11ኛው ቀን አለቀ። የሒሳብ ሠራተኛ ነኝ፤ ጊዜው የዓመቱ ሒሳብ መዝጊያ ነው። ማታ የሠራሁትን ፋይል ልልክ ስል ኔቱ የለም፤ ስልኬ ላይ ካርድ ሞልቼ ከሌሊቱ 6 ሰዓት ላይ ላክሁት።

ልጆቼ 12 እና 8 ዓመታቸው ነው። በ192.168.1.1 የራውተሩ ማስተካከያ ገጽ ውስጥ ገብቼ ድረ ገጽ ማገጃው ላይ የዩቲዩብን አድራሻ ጻፍኩ። ብራውዘሩ አልከፍት አለ፣ አፑ ግን እንደ ድሮው ይሠራል። ምኑን ነው ያልዘጋሁት? ኔቱን ጨርሶ መንቀል አልፈልግም፤ ትንሿ ንባብ የምትለማመደው በእሱ ነው።

የኔትወርክ ባለሙያ (ሜክሲኮ)

እህቴ፣ የተሳሳትሽው ነገር የለም። አፑ ቪዲዮውን የሚያመጣው ጉግልቪዲዮ ከሚባል ሌላ አድራሻ ነው። የፊት በሩን ዘግተሻል፣ ዕቃው በጓሮ ይገባል። ያንንም ብትዘጊው ራውተሩ የልጆች ቪዲዮና ሌላውን አይለይም፤ ግንኙነቱ የተመሰጠረ ስለሆነ የሚያየው የጣቢያውን ስም ብቻ ነው።

ጭንቀትሽ ዳታው ከሆነ ፍጥነቱን ቀንሺ። ራውተርሽ ላይ ለየመሣሪያው ፍጥነት መገደቢያ ካለ የልጆቹን ስልክ 512 ኪሎቢት በሰከንድ ላይ አድርጊው። በአንድ ስልክ አንድ ሰዓት ሙሉ ቢያዩበት እንኳ ከ231 ሜጋባይት አያልፍም፤ ዩቲዩብ ራሱ ጥራቱን ዝቅ አድርጎ ያጫውታል። በ1080 ጥራት ሲሆን አንድ ሰዓት ብቻውን ከ1 ጊጋ በላይ ይበላል።

ገደቡ የሚታሰረው በስልኩ ማክ አድራሻ ነው፤ ራውተሩ እያንዳንዱን መሣሪያ የሚለይበት ቁጥር ማለት ነው። ከአንድሮይድ 10 ወዲህ ስልኮች ለዋይፋይ ሌላ አድራሻ እየፈጠሩ ይገናኛሉ፤ ስለዚህ ስልኩ ላይ ያለውን ሳይሆን ራውተሩ የሚያሳይሽን አድራሻ ውሰጂ። ከሁሉ በፊት ግን የተገናኙትን መሣሪያዎች ዝርዝር ክፈቺና ቁጠሪያቸው።

ጡረተኛ መምህር (አራት ኪሎ)

ልጄ፣ ለልጆች የማይሆን ገጽ የሚያሳስብሽ ከሆነ የራውተሩን ዲኤንኤስ (የድረ ገጽ ስም ወደ አድራሻ የሚፈታውን አገልግሎት) 1.1.1.3 አድርጊው፤ የብልግና ገጾችን ይከለክላል። እኔ ለልጅ ልጆቼ ያደረግሁት እሱን ነው። ዳታ ግን አይቆጥብልሽም።

አንድ ነገር እለምንሻለሁ፤ ልጁን ደብቀሽ አትገድቢው። ጥቅሉ ስንት እንደቀረው አብራችሁ እዩ። የ12 ዓመት ልጅ ሒሳብ ይገባዋል።

የሁለት ልጆች እናት (ልደታ)

ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ወንድሜ፣ አንተም ተባረክ። ቆጠርኳቸው፤ 9 ናቸው። የእኛ 4 ብቻ ነው።

ልጄን ጠርቼ ዝርዝሩን አሳየሁት። ዝም ብሎ ቆየና «የዋይፋዩን ኪውአር ኮድ አሳየኋቸው» አለኝ፤ በስልክ ካሜራ ሲያነቡት ያለ ፓስዎርድ የሚያስገባውን ማለቱ ነው። ሰሞኑን በሦስተኛውና በአራተኛው ፎቅ መካከል ደረጃው ላይ አምስት ልጆች ተደርድረው ይቀመጣሉ፤ ዝናቡን ሽሽት መስሎኝ እየተሻገርኳቸው እገባ ነበር። አንደኛው፣ እኔ ሥራ ስውል ለልጄ ምሳ የምታበላልኝ የጎረቤቴ ልጅ ነው። ፓስዎርዱን ቀይሬ ዝም ማለት አንጀቴ አልቻለም። ለእነሱ ትንሽ ከፍሎ መስጠት ይቻላል?

የኔትወርክ ባለሙያ (ሜክሲኮ)

ይቻላል። የዋናውን ፓስዎርድ ቀይሪና ጌስት ዋይፋይ (የራሱ ስምና ፓስዎርድ ያለው የእንግዳ ዋይፋይ) ክፈቺ፤ ብዙ ራውተሮች ላይ አለ። ፍጥነት መገደብ ከፈቀደልሽ እሱንም 512 ላይ አድርጊው። ካልፈቀደ ከቀኑ 9 እስከ 10 ሰዓት ብቻ አብሪላቸው። የልጅሽንም ስልክ እዚያው ላይ አድርጊው፤ ያኔ ኮዱን ለማንም ቢያሳይ ዋናው ፓስዎርድ አይወጣብሽም፤ ጥቅሉ ግን ያው አንድ ስለሆነ ስንት እንደቀረው እያየሽ።

የሁለት ልጆች እናት (ልደታ)

ጌስት የሚለውን አገኘሁት። ስሙን ልጄ «ደረጃ» ብሎታል። ነገ ከ9 ሰዓት ጀምሮ እንሞክረዋለን።